የእንግዳ ጣትና የሲትና ደብተር

ያን ዕለት ጠዋት ሀጅ ከምባል በዚህ ምድር ላይ ፊቷን ማየት የማይፈልጉት አንድ ሰው ብትኖር ዶክተር ኢኽላስ ነበረች። ያገኟትም እሷኑ ነው፤ ያውም መሸሻ በሌለበት፣ መኪና በሚያሻግረው ትልቁ ጀልባ ላይ፣ ገመዱ ተፈትቶ አባይ ውስጥ ከተገባ በኋላ።

የልጅ ልጃቸው ሲትና ግን ዶክተሯን ገና ከዳር ሳሉ አይታት ነበር። ዝም ያለችው ተንኮል አስባ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ አስባ ነው። ሲትና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የስኳር በሽታ የያዛት ዓመት ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣለች፤ ከዚያ ወዲህ በኡም ሸጀራ መንደር የሚያዝናናት ነገር ሁለት ብቻ ሆነ፤ ትልልቅ ሰዎች ሲከራከሩ መስማትና ትልልቅ ሰዎች ሲሸነፉ ማየት።

በእጇ የያዘችው ፖስታ ውስጥ አርባ ሦስት ሰው የፈረመበት ማመልከቻ አለ። አብዛኛው ፊርማ የአውራ ጣት ቀለም ነው። ማዶ ላለው ጤና ቢሮ የሚሰጥ ሲሆን፣ ባጭሩ «ዶክተር ኢኽላስን አትልቀቁብን» ይላል። በረጅሙም የሚለው ያንኑ ነው፤ ሀጅ ከምባል ሲያስጽፉት ግን ሁለት ገጽ ሞላ። የጻፈችው ሲትና ናት። የአያቷ ዓይን ደክሟል፣ ደግሞም በመንደሩ እንደሷ ጽሕፈቱ የሚያምር የለም፤ ይህን የምትለው ራሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶክተር ኢኽላስ የሕፃናት ሐኪም ናት፤ ከሕፃናት ሐኪሞችም የስኳር ሕመምተኛ ልጆችን ሕክምና ለይታ የተማረች። በዚያ የወንዝ ዳርቻ ከላይ እስከ ታች ቢፈለግ ሁለተኛ አይገኝላትም። አሁን ካይሮ ውስጥ የአንድ ዓመት የምርምር ስልጠና አግኝታለች። ወሬው ኡም ሸጀራ ሲደርስ መንደሩ ለቅሶ የተቀመጠ መሰለ።

«እንዴት አደሩ ሀጅ? ቤተሰብ ደህና? ተምሩስ? ፍየሎቹ?» አለች ዶክተሯ የመጎናጸፊያ ቶቧን ጫፍ ከነፋሱ እየሰበሰበች።

«አልሐምዱሊላህ ዶክተር። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

ሲትና ጆሮዋን አቀናች። አያቷ ዶክተሯን አራት ዓመት ሙሉ «አንቺ ልጄ» ነው ሲሏት የኖሩት። «እርስዎ» ካሉ ነገር አለ።

«ዛሬ እርስዎ ሆንኩ?»

«የሚሄድ ሰው አክብሮት አይበዛበትም» አሉ ሀጅ፣ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው።

ምናልባት ነገሩ በዚህ ያበቃ ነበር። ሀጅ ውሃ ውሃውን እያዩ ማዶ ይደርሱ፣ ማመልከቻቸውን ይሰጡ፣ ፉላቸውን ይበሉና ይመለሱ ነበር። ጀልባው ግን መሃል ሲደርስ አንዴ አጓራና ቆመ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ጀልባው ንቅንቅ የለም። አሸዋ ይዞታል።

የጀልባው አዛዥ ረይስ ጀብር ወፍራም፣ ሳቂታ ሰውዬ ነው። ከሞተሩ ክፍል ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ከማዶ ጎታች እስኪመጣልን አንድ ሰዓት ነው፤ ቢዘገይ ሁለት» አለ።

«ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየስ?» አለች ሲትና።

«ያኔማ ዘመድ እንሆናለን» ብሎ ሻይ ሊጥድ ሄደ።

ሀጅ ከምባል ዝም ብለው መቀመጥ የሚችሉት አሥር ደቂቃ ያህል ነው። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ወደ ዶክተሯ ዞሩ።

«እስቲ ልጠይቅ። ስንት ዓመት ተማርሽ?»

«ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከተቆጠረ ሃያ አራት።»

«ሃያ አራት! የተምር ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው በሁለት ዓመት ይማርና እስኪወድቅ ድረስ ሲወጣ ይኖራል። አንቺ ሃያ አራት ዓመት ተምረሽ ገና ልትማሪ ነው? ወይ አስተማሪዎችሽ አላስተማሩሽም፣ ወይ አንቺ አልገባሽም። የትኛው ነው?»

«ሁለተኛው ነው ሀጅ። ያልገባኝ ነገር አለ።»

ሀጅ ለዚህ መልስ አልተዘጋጁም ነበር። የተዘጋጁት «እርስዎ አያውቁም» ለሚል መልስ ነበር። ሲትና ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

«መርፌው እንዴት እንደሚወጋ፣ ኢንሱሊኑ ለስንት ኪሎ ልጅ ስንት እንደሚሰጥ አውቃለሁ» አለች ዶክተሯ። «የማላውቀው ልጁ ቤት ሲገባ የሚሆነውን ነው። የተማርኩባቸው መጻሕፍት መብራት በማይጠፋበት፣ ማቀዝቀዣ በየቤቱ ባለበት አገር ነው የተጻፉት። እኛ ቤት ኢንሱሊኑ የሚቀመጠው ዚር ስር፣ የውሃው እንስራ በሚያንጠባጥብበት ቦታ ነው። ይቀዘቅዛል፤ ግን ይበቃዋል ወይ? ያን የሚነግረኝ አንድም መጽሐፍ አላገኘሁም።»

«ታዲያ እኛኑ ጠይቂና ጻፊው! ካይሮ ያሉት ስለ ዚራችን ምን ያውቃሉ?»

«ምንም። ዚሩን የማስተምራቸው እኔ ነኝ። እነሱ የሚያስተምሩኝ አጠያየቁን ነው።»

«አጠያየቅ ደግሞ ይማሩታል እንዴ? የሁለት ዓመት ሕፃን ማን አስተማረው? ቀኑን ሙሉ ይጠይቃል፤ ማን ዝም ያሰኘው!»

«ልክ ነው፣ ይጠይቃል። ግን የነገሩትን ሁሉ ያምናል። እኔም እስካሁን እንደሱ ነኝ።»

ሀጅ ምርኩዛቸውን በጀልባው ብረት ላይ ቋ ቋ አደረጉ። «ተይኝማ! ዶክተር ሙንዚርንም 'አንድ ዓመት ነው' ሲለን በግ አርደን ነው የሸኘነው። ስንት ዓመቱ ሆነ? ዘጠኝ! በየዒዱ በስልክ የአበባ ሥዕል ይልክልኛል። አበባ! ልጅ ሲታመም አበባውን በጥብጠን እናጠጣው?»

«እውነትዎን ነው። ሄዶ የሚቀር አለ፤ ይህን አልክድም። ይሄኛው ስልጠና ግን የሚሰጠው ሕመምተኞቹ ባሉበት ለሚሠራ ሰው ነው። ስምንቱን ወር ካይሮ እማራለሁ፤ የቀረውን አራት ወር ጥናቱን የምሠራው እዚሁ በኡም ሸጀራ ነው። ጥናቱ እናንተ ቤት ስለሆነ ካልመጣሁ የተማርኩት ሁሉ ከንቱ ነው።»

«አሃ! ልጆቻችንን መሞከሪያ ልታደርጊያቸው ነዋ!»

«መጀመሪያ የሚያስተምሩን እሱን ነው ሀጅ። ወላጅ ሳይፈቅድ፣ ነፍስ ያወቀም ልጅ ከሆነ ራሱ እሺ ሳይል አይነካም። እምቢ ቢል መድኃኒቱም እንክብካቤውም አይቀነስበትም።»

ሲትና ከተቀመጠችበት ጆንያ ላይ ብድግ አለች። «ልጅ እምቢ ማለት ይችላል?»

«ይችላል።»

«በወረቀት የተጻፈ ነው?»

«በወረቀት የተጻፈ ነው።»

«ጂዶ» አለች ወደ አያቷ ዞራ፣ «እኔ ይቺን ስልጠና ወደድኳት።»

«አንቺ ማመልከቻውን ያዢ!» አሉ ጂዶ።

አዋቂ ሰው ሲሸነፍ ልጅ ላይ ይቆጣል፤ ሲትና ይህን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ታውቃለች። ሀጅ ግን ገና አልተረቱም ነበር።

«እሺ፣ ምንድነው ያ ሃያ አራት ዓመት ያልገባሽ ነገር? ንገሪኝ፤ እኔ እዚሁ ልመልስልሽና ከካይሮ እንገላገል።»

ዶክተሯ ፈገግ አለች። «የአሥራ ሁለት ልጆች የስኳር ደብተር አለኝ። የስምንቱ አንድ ዓይነት ነው። ወር ሲገባ ደህና ናቸው። ከአሥረኛው ቀን በኋላ ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ወሩ ሲያልቅ አናት ላይ ይደርሳል። ኢንሱሊኑን የማድለው ወር በገባ በአንደኛው ቀን ነው። ስለዚህ ዚር ስር ሲከርም በሙቀቱ እየተበላሸ ነው ብዬ ደመደምኩ። ካይሮዎቹም በዚህ ጥያቄ ነው የተቀበሉኝ። የእርስዎ የሲትና ደብተርማ ከሁሉም ግልጽ ነው፤ አባሪ አድርጌ የላክሁት የሷን ነው።»

ሲትና ጆንያዋ ላይ ተመልሳ ቁጭ አለች። የደከማት በረሃብ መሰላት። ረሃብም ነበረ፤ ጎሕ ሲቀድ መርፌዋን ተወግታ የወጣችው ማዶ ሲደርሱ ፉል ልትበላ ነው። ረሃብ ብቻ ግን አልነበረም።

«ባለፈው ሳምንት ለሁለት እናቶች 'ከዚር አውጡት' ብያለሁ» ብላ ቀጠለች ዶክተሯ። «የትንሹ ሙስዓብ እናት አሁን ማዶ ካለ ሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣ ጠዋትና ማታ እየተሻገረች ታመጣለታለች።»

ሲትና ያቺን ሴትዮ ጠዋት አይታታለች። ይህ ጀልባ ከማዶ ሲመጣ ነው የወረደችው፤ ሕፃን በጀርባዋ፣ በእጇ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ።

ረይስ ጀብር ሻዩን ይዞ መጣ። ብርጭቆዎቹን ካስቀመጠ በኋላ ግን አልሄደም፤ ጣቱን እያሻሸ ሀጅ ፊት ቆመ።

«ሀጅ፣ አይጨክኑብኝና እስቲ ዛሬም...»

«ምን ችግር አለ! አንተ እንግዳዬ ነህ» አሉ ሀጅ፣ ሰውዬው በገዛ ጀልባው ላይ እንደቆመ ረስተው። ከጀለቢያቸው ኪስ የስኳር መለኪያውን አወጡ። መለኪያው የሲትና ነው፤ ነገር ግን እንደ ትንባሆ ቆርቆሮ አያቷ ኪስ ውስጥ ነው የሚውለው። ሀጅ ዲዋናቸው ውስጥ፣ በእንግዳ መቀበያ ክፍላቸው፣ ለተቀመጠ እንግዳ ሁሉ ከሻይ ጋር ጣት መውጋት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የመጀመሪያው እንግዳ በጨዋታ ጠየቀ፣ ሁለተኛው ቀና፣ ሦስተኛው ከሩቅ መንደር ለዚሁ ሲል መጣ። አሁን በኡም ሸጀራ ሻይ አፍልቶ ጣት የማይወጋ ቤት ንፉግ ይባላል።

ረይስ ተወጋ። ለአንድ ጣት ብቻ የምትሆነው የመለኪያው ወረቀት ደሙን ጠጣች። መለኪያው ቁጥሩን አሳየ።

«ሁለት መቶ ዐሥር» አለች ሲትና አንብባ።

«ሻይህ ላይ ስኳር ቀንስ» አሉ ሀጅ እንደ ሐኪም። የወረቀቱን ጣሳ ነቀነቁት። ድምፅ የለውም። ባዶ ነው።

ዶክተሯ ብርጭቆዋን አፏ ሳታደርስ ቀረች። «ሀጅ፣ ይህ የማን መለኪያ ነው?»

ሀጅ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ዓይናቸው ሲትና ላይ አረፈ። ልጅቱ ከጆንያው ላይ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ግንባሯ በላብ ርሷል፣ ከንፈሯ ነጥቷል፣ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም» አለች ሲትና። ምላሷ ከብዷት «ም»ዋ ረዘመች።

ዶክተሯ አጠገቧ ተንበረከከች። «መርፌ ተወግተሻል? በልተሻል?»

«አዎ። አይ።»

«ለኪያት!» አሉ ሀጅ። ከዚያ ጣሳውን አዩት። ከዚያ የረይስን ጣት አዩት።

ዶክተሯ ጊዜ አላጠፋችም። «መለካት ካልተቻለ ስኳሯ ወርዷል ብለን ነው የምንነሳው። ረይስ፣ ስኳር!» ረይስ ጀብር የሻዩን ስኳር ጣሳ ይዞ ሮጦ መጣ። ሀጅ ከኪሳቸው ተምር አውጥተው ዘረጉ። «ተምሩ ቆይቶ ትበላዋለች፤ አሁን ቶሎ የሚደርስላት ነው የምፈልገው» አለች ዶክተሯ። ሦስት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻትና ሰዓቷን እያየች ተቀመጠች።

ያቺ ሩብ ሰዓት ከመላው ጉዞ ትረዝማለች። ሀጅ ከምባል በምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ማንም አልተከራከረም።

በስተመጨረሻ ሲትና ላቧን በእጅጌዋ ጠረገችና «ውሃው ጣፋጭ ነው፤ ረይስን ሌላም ቀን እንታመምበት» አለች። ሁሉም ተነፈሱ። ዶክተሯ የሀጅን ተምርና ከቦርሳዋ ዳቦ አበላቻት።

«ስንት ነበረች?» አሉ ሀጅ ቀስ ብለው።

«አላውቅም ሀጅ። ወረቀቱ ረይስ ጀብር ጣት ላይ አለቀ።»

ቁጣ የለውም አነጋገሯ። ሲትና «ብትቆጣኝ ይሻል ነበር» ስትል አሰበች።

«ወሩ ከገባ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ነው» አለች ዶክተሯ። «ሃምሳ ወረቀት ነው የሰጠሁሽ። በየወሩ ሃምሳ ነው። ለመሆኑ ስንቱ ነው ላንቺ የደረሰው?»

ሲትና ሦስት ውሸት ተዘጋጅቶላት ነበር፤ ሁለተኛው በጣም ጥሩ ነበር። ነገር ግን ያቺ እርጥብ ጨርቅ የያዘች ሴትዮ ዓይኗ ላይ መጣችባት። ማታም ትሻገራለች። ነገም።

«ወረቀቱ በአሥር ቀን ያልቃል፤ የተረፈም ካለ ለእንግዳ ነው» አለች። «ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥር የምጽፈው እኔ ነኝ። ከጭንቅላቴ።»

«ከጭንቅላትሽ? ለምን እየጨመረ ይሄዳል ታዲያ?»

«ሁልጊዜ ደህና ካደረግሁት ይጠረጥሩኛል ብዬ ነዋ! ተረት እንኳ መጀመሪያ ደህና ይሆናል፣ እየከፋ ይሄዳል፣ ከዚያ ይስተካከላል። እንደዚያ ሲሆን ሰው ያምናል።»

«የሰባቱ ልጆችስ? የነሱም እንዳንቺው ነው።»

ሲትና ወደ ውሃው አየች። «የነሱንም የምጽፈው እኔ ነኝ። ጂዶ ካደረጉት ሁሉም ቤት አደረገው፤ የሁሉም ወረቀት ያልቃል። ለአንድ ወር ደብተር አንድ የፀጉር ማስያዣ እቀበላለሁ።» እንደ ማስረጃ ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች፤ በእውነትም ማስያዣው ብዛቱ ለጉድ ነው።

ዶክተሯ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሩቅ አልሄደም። «ስምንት ልጅ ያጠናሁ መስሎኝ ነበር። ለካ አንዲት ልጅ ነው ሳነብ የኖርኩት።»

«ውሸታም!» ሀጅ ምርኩዛቸውን አነሱ። «እንግዶቼ ፊት ደብተሩን አንቺ ስታነቢ እኔ ስኮራ! ሁለት ዓመት!»

«ታዲያ እንግዶችዎ ፊት 'ወረቀቱን የጨረሰው የናንተ ጣት ነው' ልበል ጂዶ? ለእንግዳ እምቢ አይባልም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ምርኩዙ አየር ላይ ቆይቶ ቀስ ብሎ ወረደ። ሀጅ ጥምጣማቸውን ፈቱት፤ እንደገና ጠመጠሙት። ሲትና ጥምጣማቸውን እንደዚያ ሲፈቱ ያየቻቸው ሴት አያቷ የሞተች ዕለት ብቻ ነው። ቀልዱ ሁሉ አፏ ውስጥ ደረቀ።

«ሁለት ዓመት» አሉ እንደገና፣ አሁን ለራሳቸው። «ለክቼ ለሰው ስሰጥ፣ የሷን ሳላውቅ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተሸነፈ ይባል ነበር። ሀጅ ከምባል ግን የተሠሩት ከሌላ ጭቃ ነው። ትንሽ ቆይተው ፊታቸው በራ።

«እንዲያውም ጥሩ ሆነ! ያልገባሽ ነገር ይኸው ተገኘ። ጥፋቱ የኔ ዲዋን ነው፤ እኔ አስቆመዋለሁ። ከእንግዲህ ካይሮ ምን ትሠሪያለሽ? ማመልከቻዬም ልክ ነበረ ማለት ነው።»

ዶክተሯ በትዕግሥት ጠየቀቻቸው። «እንዴት ተገኘ ሀጅ?»

«ሲትና ነገረችና።»

«ለምን ዛሬ ነገረችን?»

«ታማ ነዋ።»

«ለምን ታመመች?»

«ጀልባው ቆሞ፣ ምግብ ዘግይቶ።»

«ጀልባውስ ለምን ቆመ?»

«አሸዋ ይዞት!»

«አራት ዓመት ሐኪም ሆኜ ያላወቅሁትን አሸዋ ነገረኝ። የሚቀጥለውን እንዲነግረኝ ሌላ አሸዋ ልጠብቅ?»

ረይስ ጀብር ከኋላ ሆኖ «ኧረ ዶክተር፣ እንዲህ አይበሉ፣ የጀልባው ባለቤት ይቆጣኛል» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

«ይህ መለኪያ የለካውን ሁሉ ከነቀኑ ሆዱ ውስጥ ይይዛል» አለች ዶክተሯ፣ ከሀጅ እጅ ተቀብላ እያሳየች። «አንዲት ቁልፍ ናት። አንድ ቀን ተጭኜ ከደብተሩ ጋር አስተያይቼ ቢሆን ነገሩ በገባኝ ነበር። በአንድ ጠዋት ወባውን፣ ተቅማጡን፣ ሳሉን ሁሉ እያየሁ ደብተር ሲያሳዩኝ ማመን ነው የተማርኩት። ስልጠናው የሚያስተምረው ይህን ነው፤ አንድን ነገር በሁለት መንገድ መጠየቅ፣ ከመደምደም በፊት ቤት ሄዶ ማየት፣ ልጅ የሚያምር ቁጥር ለምን እንደሚሰጥ ማወቅ። እኔ ይህን ሳላውቅ ደምድሜ አንዲት እናት ወንዝ አሻግሬያለሁ። ዚሩ ጥፋት ይኑርበት አይኑርበት ዛሬም አላውቅም። ከማዶ ስንመለስ ቤቷ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ቴርሞሜትርም ይዤላት እሄዳለሁ።»

«ካይሮዎቹስ? ይህን ጉድ ብትነግሪያቸው ይቀበሉሻል?»

«እነግራቸዋለሁ። ሊሰርዙኝ ይችላሉ። ከሰረዙኝ እዚሁ ነኝ፤ ማመልከቻዎ ሳይገባ ሠራልዎት ማለት ነው።»

ሲትና ፖስታውን አጥብቃ ያዘች። አሁን ነው የገባት። ብዕሯን ይዛ ለፀጉር ማስያዣ የጻፈችው ተረት የዶክተሯን ዓመት ሊያስቀር ነው። ሁለት ወር «እንዳትሄድ» ብላ ጸልያ ነበር፤ ጸሎቱ በዚህ መንገድ ሊሰማላት መሆኑን ማን ነገራት?

ሀጅ የልጅቱን ግንባር በመዳፋቸው ዳሰሱ። «አንቺ በሌለሽበት ስምንት ወር ልጅ ቢታመምብንስ?» አሉ በመጨረሻ። ይህን ሲጠይቁ ድምፃቸው የክርክር አልነበረም።

«ይህን አልዋሽዎትም፤ ሊታመም ይችላል። ከላይኛው ከተማ ሐኪም በየአሥራ አምስት ቀኑ ይምጣ ብዬ ጠይቄያለሁ፤ ገና አልተፈቀደም። ነርስ ነዕማት አለች፣ ስልኬ አለ። ከኔ እዚህ መኖር ግን ያንሳል። ያም ሆኖ ዛሬ እዚሁ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ነው ሲትና የወደቀችው። እኔ መኖሬ ብቻ አልበቃትም።»

ውሃው የጀልባውን ጎን ይመታል። ከማዶ የጎታቹ ጀልባ ጭስ ታየ።

«ሲትና» አሉ ሀጅ፣ «እስክሪብቶ ይዘሻል?»

«አለ።»

«ማመልከቻውን ገልብጪና ከጀርባው ጻፊ።»

«ጂዶ፣ ሁለት ገጽ እንዳይሆን፤ እጄ ገና ይንቀጠቀጣል።»

«ጻፊ! 'እኔ ከምባል፣ የሲትና አያት፣ ከፊት ያለውን ሰርዣለሁ። የልጅቱን መለኪያ ወረቀት ለእንግዳ ያቀረብኩ እኔ ነኝ፤ መንደሩም ከኔ ተማረ። ሐኪማችን ይህን ያላወቀችው ሰንፋ አይደለም፤ እኛ የሚያምር መልስ እየሰጠናት ነው። ትሂድና የማያምረውን መልስ ማግኘት ተምራ ትምጣልን። እስክትመጣ ሌላ ሐኪም በየአሥራ አምስት ቀኑ ይላክልን፤ ካልተላከ አርባ ሦስት ሰው አሳፍሬ ቢሯችሁ በር ላይ ሻይ አፈላለሁ።' ጻፍሽ?»

«'ሻይ አፈላለሁ' ጻፍኩ።»

«አንዱን ቅጂ ለካይሮዎቹ ትልኪዋለሽ» አሏት ዶክተሯን። «ስህተቱ ያንቺ ብቻ እንዳልሆነ ሽማግሌ ይመስክርልሽ። የሰዎቹን አውራ ጣት እንደገና እሰበስባለሁ፤ በዚህ ጊዜ በቀለም ብቻ፣ ያለ መርፌ።» ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «አንቺ ልጄ» አሉ፣ «ሻይሽ ቀዘቀዘ።»

«አንቺ ልጄ» ተመለሰች። ሲትና ውሃውን የምታይ መስላ ዓይኗን ጠረገች።

ዶክተሯ የሲትናን ደብተር ከሀጅ ተቀብላ ሰጠቻት። «ዛሬን ጻፊ።»

«ምን ብዬ? አልተለካሁም እኮ።»

«እንደዚያው ብለሽ። ያልተለካ ቀን አያስቀይመኝም፤ ያማረ ውሸት ነው የሚያስቀይመኝ።»

ሲትና በአሥራ ሁለተኛው ቀን መስመር ላይ «አልተለካም፤ ወደቅሁ፤ ስኳር ጠጣሁ፤ ተነሣሁ» ብላ ጻፈች። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአሥረኛው ቀን በኋላ የጻፈችው የመጀመሪያው እውነት ነው። ከዚያ ጎታቹ ደረሰና ጀልባው ከአሸዋው ወጣ።

የካይሮ ሰዎች ለሦስት ሳምንት ዝም አሉ፤ ለሲትና ያ ሦስት ሳምንት ሦስት ዓመት ነበር። በአራተኛው ሳምንት መልሱ መጣ። የጥናቱ ጥያቄ ተቀይሮ እንዲቀርብ፣ ዶክተሯም እንድትመጣ የሚል ነው። ዶክተሯ ካይሮ ሳለች የላይኛው ከተማ ሐኪም በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ቀርቷል፣ አንድ ጊዜም ሙስዓብ ክፉኛ ታሞ በጀልባ ወደ ማዶ ተወስዷል። ተርፏል። መንደሩ ያን ሳምንት ሀጅን በክፉ ዓይን ያያቸው ነበር፤ ሀጅም ችለው አሳለፉት።

በዘጠነኛው ወር ዶክተር ኢኽላስ ተመለሰች። ጥናቱን ከቤት ቤት እየዞረች የምትጽፍላት ሰው ስትፈልግ፣ የመንደሩን የውሸት ቁጥር ሁሉ ከምታውቀው ልጅ የተሻለ አላገኘችም። ሲትና የጥናቱ መጠይቅ ላይ ራሷ አንድ ጥያቄ ጨመረችበት፤ «በዚህ ሳምንት ስንት እንግዳ መጣ?» የሚል። አራት ወር ከለኩ በኋላ የታወቀው ይህ ነው። ከአሥራ ሁለቱ ቤት በዘጠኙ ዚሩ ጥላ ውስጥ ስለሆነ ኢንሱሊኑ ደህና ነው፤ በሦስቱ ፀሐይ ያገኘዋል፣ ቦታው ተቀየረ። የሙስዓብ እናት ወንዝ መሻገሯን ተወች። ዋናው ችግር የእንግዳው ጣት ላይ ነበር። ወረቀቱ ለልጆቹ ሲቀር፣ ልጆቹ ስንት ኢንሱሊን መወጋት እንዳለባቸው እያወቁ ተወጉ፤ የሦስት ወር ስኳርን አንድ ላይ የሚያሳየው፣ ከጥናቱ ጋር የመጣው የደም ምርመራም የሲትና ደብተር የሚለውን ደገመላት። ለአዋቂዎቹም ዶክተሯ በየወሩ አንድ ማክሰኞ መለኪያ አስመጣችላቸው፤ ረይስ ጀብር ሰልፉ ላይ ፊተኛ ነው።

አሁንም አልፎ አልፎ ያልሰማ እንግዳ ሀጅ ከምባል ዲዋን ውስጥ ሻዩን ጠጥቶ ጣቱን ይዘረጋል። ሀጅ ጣቱን በሁለት እጃቸው ይይዙና ጨምቀው ይመልሱለታል።

«ሻዩ የኔ ነው፣ ድገም» ይሉታል። «ወረቀቱ ግን የልጆቹ ነው።»